ኢንሹራንስ ያሠራው መኪና አዲስ በሽታ ሲያመጣ



በዚህ ዓምድ ዘወትር የምንጨዋወተው ስለ ግብር፣ ስለ ጂኤስቲና ስለ ሱቅ ኪራይ ነው። ዛሬ ግን ስለ መኪና ላጫውትዎ ነው። «የሂሳብ ሠራተኛ ስለ መኪና ምን ያውቃል?» ቢሉኝ አይፈረድብዎትም። ዲግሪዬን ፍለጋ ባሕር ተሻግሬ ስማር ስለ ካምቢዮ ያስተማረኝ የለም፤ እስከ ዛሬም ኮፈን የምከፍተው የመስታወት ውሃ ለመሙላት ብቻ ነው። ነገር ግን ባለፈው የበረዶ ወራት በራሴ መኪና የደረሰውና ከዚያ ወዲህ ወረቀታቸውን ይዘው ቢሮዬ የመጡ የታክሲ ባለንብረቶች የነገሩኝ አንድ ዓይነት ሆኖብኛል። ኢንሹራንስ ራሱ መርጦ፣ ራሱ ከፍሎ ያሠራው መኪና ከጋራዥ ወጥቶ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ያልነበረበትን በሽታ ያመጣል። ባለቤቱም ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ከኪሱ ከፍሎ ሌላ ቦታ ያሠራል። ሁለቱም ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ የራሴን ላውራ። ማክናይት ቡልቫርድ ላይ፣ ወደ ፋልከንሪጅ ለመታጠፍ አንድ መብራት ሲቀረኝ ቀይ ይዞኝ ቆሜያለሁ። ጧት ነው፤ ቅዝቃዜው የሚያስለቅስ፣ አስፋልቱ መስታወት የሆነበት ጧት። ከኋላዬ ይመጣ የነበረው ሰው ፍሬኑን ረግጧል፤ መኪናው ግን አልሰማውም። እየተንሸራተተ መጥቶ ገጨኝ፤ እኔም ተገፍቼ ከፊቴ የቆመውን ፒክ አፕ ገጨሁት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። የፊቱም የኋላውም ፓራውልት ተሰባበረ፣ አንድ የኋላ መብራት ረገፈ፣ ኮፈኑ ተጨማደደ።

ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ፣ ጥፋቱ የሌላው ሰው ከሆነ፣ የምንከራከረው ከዚያ ሰው ኢንሹራንስ ጋር ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ወዲህ ግን በአልበርታ አሠራሩ ተለውጧል። አደጋው የደረሰው እዚሁ አውራጃ ውስጥ ከሆነና መኪኖቹ ኢንሹራንስ ካላቸው፣ ጥፋተኛ ባይሆኑም መኪናዎን የሚያሠራልዎ የራስዎ ኢንሹራንስ ነው። ይህ ነገር ጥሩም መጥፎም ጎን አለው። ጥሩነቱ የሚነጋገሩት ዓረቦን ከሚከፍሉት ድርጅት ጋር መሆኑ ነው። መጥፎነቱ ደግሞ ያው ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ውል የሚያድስልዎ ድርጅት ስለሆነ ሰው ይፈራዋል። ወደዚህ ፍርሃት ኋላ እመለሳለሁ።

እኔም ለአጀስተሩ ደወልኩ። «ከእኛ ጋር የሚሠራ ቦዲ ሾፕ አለ፤ መኪናህን እዚያ አስረክብ፤ ለሥራው ዋስትና እንሰጣለን» አለኝ። የመረጥኩት ሌላ ጋራዥ ልወስደው እንደምችል አውቅ ነበር፤ ነገር ግን የግብር ወቅት እየደረሰ ስለነበር ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ እሺ አልኩ። አራት ሳምንት ወሰደ። መኪናው ሲመለስልኝ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ አዲስ መስሎ ነበር። የወሰድኩት ሊመሽ ሲል ነው፤ በረዶም ይጥል ነበር። ፈርሜ ወጣሁ። ይህ የመጀመሪያው ስሕተቴ ነው፤ እባክዎ እርስዎ አይድገሙት። መኪና የሚረከቡት በቀን ብርሃን፣ ደርቆ እያለ፣ ከመፈረምም በፊት ጥቂት ተነድቶ ነው። በማታና በርጥበት የቀለም ልዩነት አይታይም፤ ሁሉም ጥቁር ሁሉም ነጭ አንድ ይመስላል።

በአሥራ አንደኛው ቀን ዲርፉት ላይ ስነዳ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ፤ ከፊት ያለውን መኪና የሚያየው ራዳር አይሠራም የሚል መልእክት መጣ። በዚያው ሳምንት ከኋላ ወንበር አካባቢ እርጥብ ምንጣፍ የሚመስል ሽታ ይሸተኝ ጀመር። ትርፍ ጎማው ያለበትን ሳነሣ ውሃ አቁሯል። ቦዲ ሾፑ ሄድኩ። አንድ ጎልማሳ መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየና «ይሄ ከአደጋው ጋር አይገናኝም፤ የቆየ ችግር ነው» አለኝ። ለአጀስተሩ ስደውል «ፋይሉ ተዘግቷል፤ ከጋራዡ ጋር ተነጋገር» አለኝ። ጋራዡ ደግሞ «ኢንሹራንሱ ካልፈቀደ መንካት አንችልም»። እንደ ኳስ ከአንዱ ወደ አንዱ ስላጋ ሁለት ሳምንት አለፈ።

አገር ቤት እያለን እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን ዘዴው ሌላ ነበር። ኢንሹራንሱ ከጋራዦች ፕሮፎርማ ይሰበስባል፣ አነስተኛ ዋጋ ላቀረበው ይሰጣል፣ እኛም ያንን ስለምናውቅ ላሜራ ሠሪው ጎን ቆመን፣ ሻይ እያዘዝን፣ «ይቺን ደግሞ እያት እስቲ» እያልን እናሠራለን። ዕቃ ከጎደለ ሶማሌ ተራ ወርደን ራሳችን እንፈልጋለን። እዚህ ጋራዡ ውስጥ አያስገቡንም፤ ቡና ማሽን ያለበት ክፍል ነው የምንቀመጠው። ስለዚህ ዓይናችን የነበረውን ሥራ የሚሠራልን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወረቀቱ።

እዚህ ላይ ሙያዬ ጠቀመኝ። ከጋራዡ ሦስት ዓይነት ወረቀት እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። አንደኛው የመጀመሪያው ኢስቲሜት ነው። ሁለተኛው መኪናው ከተፈታ በኋላ ተጨማሪ ጉዳት ሲገኝ ለኢንሹራንሱ የሚላከው ማሟያ ነው፤ እነሱ «ሳፕልመንት» ይሉታል። ሦስተኛው የመጨረሻው ኢንቮይስ ነው። ሦስቱንም ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ የባንክ ሂሳብ እንደማመሳክር መሥመር በመሥመር አመሳከርኳቸው። ይህን ለማድረግ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። የሱቅዎን ዕቃ ከደረሰኙ ጋር የሚያስተያዩ ከሆነ ይህንንም ይችላሉ።

ምን ይፈለጋል? በመጀመሪያ ዕቃው ከየት እንደመጣ ይታያል፤ ከመኪናው ፋብሪካ የመጣ፣ በሌላ ፋብሪካ የተሠራ፣ ወይም ከአሮጌ መኪና የተፈታ መሆኑ በአጭር ምልክት ይጻፋል። ምልክቱ ካልገባዎ ይጠይቁ። ቀጥሎ የትኛው ዕቃ «ተለወጠ»፣ የትኛው «ተፈቶ ተመልሶ ተገጠመ» እንደሚል ያዩ፤ የሁለቱ ልዩነት ብዙ ነው። ከዚያ «ሳብሌት» የሚል ቃል ይፈልጉ። ይህ ማለት ጋራዡ ራሱ ሳይሠራው ለሌላ ሰጥቶ ያሠራው ሥራ ነው፤ የጎማ አላይመንትና የራዳር ማስተካከያ ብዙ ጊዜ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሥራው ውጭ ከተሠራ የዚያ ድርጅት ወረቀት ሊኖር ይገባል፤ ቅጂውን ይጠይቁ። በመጨረሻም መኪናው ከመሠራቱ በፊትና ከተሠራ በኋላ በኮምፒዩተር መመርመሩን የሚያሳይ መሥመር ይፈልጉ።

በእኔ ወረቀት የመጀመሪያው ኢስቲሜት ላይ የፊት ራዳር ማስተካከያ፣ እነሱ «ካሊብሬሽን» የሚሉት፣ ተጽፎ ነበር። በመጨረሻው ኢንቮይስ ላይ ግን ያ መሥመር የለም። ራዳሩ «ተፈቶ ተመልሶ ተገጠመ» ይላል፤ በቃ። ኋላ ፓራውልት ጀርባ ያለችው የአየር መውጫ ላስቲክም የትም አልተጻፈችም፤ ውሃው የሚገባው በዚያ በኩል ሊሆን እንደሚችል የነገረኝ ሁለተኛ የወሰድኩበት ጋራዥ ነው። እንግዲህ «የቆየ ችግር ነው» የሚለው ክርክር በአንድ የጠፋ መሥመር ተናጋ።

ለምን ይህን ያህል ታካብዳለህ ይሉኝ ይሆናል። የዛሬ መኪና የትናንቱ አይደለም። ፓራውልት ድሮ ብረት ነበር፤ ቢጣመም ይቃናል። ዛሬ ከጀርባው ራዳር አለ፤ ከፊት መስታወቱ ላይ ካሜራ ተለጥፏል፤ በኋላ ማዕዘኖቹ ጎንና ጎንዎን የሚጠብቁ ሌሎች ራዳሮች ተቀምጠዋል። ራዳሩ በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢጣመም 100 ሜትር ርቀት ላይ ከትክክለኛው ቦታ ወደ 1 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ ብሎ ያያል። ይህ የመንገድ መስመር እኩሌታ ያህል ነው። ከፊትዎ ያለውን ትቶ ጎንዎ ላለው መኪና ፍሬን ሊይዝልዎ ይችላል፤ ወይም መያዝ ሲገባው አይዝም። በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም፤ ቀለሙ አምሮ ያብረቀርቃል።

አሁን ወደ ወንድሞቻችን ልምጣ። የኛ ቋንቋ ከሰማይ እየተምዘገዘገ የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ የሚያርፈውንም፣ መንገድ ላይ የረጋውንም ሁሉ «በረዶ» ይለዋል። የኢንሹራንስ ወረቀት ግን ይለያቸዋል። መንገድ ላይ ባለው በረዶ ተንሸራተው ቢጋጩ የግጭት ጉዳይ ነው፤ ከሰማይ የወረደው ድንጋይ ጣሪያዎን ቢደበድበው ግን «ኮምፕሪሄንሲቭ» በሚባለው ክፍል ይታያል፤ ያንን ክፍል ካልገዙ አይከፈልዎትም። በስልክ ክሌም ሲያስመዘግቡ በዚህ ምክንያት የተደናገሩ ሰዎች ገጥመውኛል።

ከሰማይ የሚወርደውን እኛ የሰሜን ምሥራቅ ነዋሪዎች እናውቀዋለን። ጁን 13 ቀን 2020 ቅዳሜ ምሽት ፋልከንሪጅን፣ ታራዴልንና ሳድል ሪጅን የደበደበው በረዶ ወደ 1.2 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት የኢንሹራንስ ኪሳራ አድርሷል። ኦገስት 5 ቀን 2024 የመጣው ደግሞ ወደ 2.8 ቢሊዮን ተገመተ፤ የአየር ማረፊያውን የአገር ውስጥ ተርሚናል እንኳ ሳይቀር ጎድቶ ከፊሉን አዘግቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቦዲ ሾፖች ይጨናነቃሉ፣ የጎደጎደ ላሜራ የሚያቃኑ ሠራተኞች ከሌላ አውራጃ ይመጣሉ፣ ሥራው ይጣደፋል። ከእነዚህ ውስጥ ጨዋና ብርቱ ባለሙያዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ወሩ ሲያልቅ ድንኳናቸውን ነቅለው የሚሄዱም አሉ። ሦስት ወር ቆይቶ ጣሪያዎ ቢያፈስ ማንን ይዘው ይከራከራሉ?

ከ2024ቱ በረዶ በኋላ አንድ ወንድማችን ታክሲውን ኢንሹራንሱ በመረጠለት ጋራዥ አሠራ። የፊት መስታወት ተለወጠ፣ ኮፈንና ጣሪያ ተስተካከለ። ሥራ በጀመረ በሳምንቱ መሪው ያለ ምክንያት ወደ ቀኝ ይስበው ጀመር፤ የመንገድ መስመር የሚጠብቀው ካሜራ መስታወቱ ሲለወጥ እንደገና አልተስተካከለም ነበር። እሱ ምን አደረገ? ታክሲ ቆሞ ማደር የለበትም ብሎ፣ በዚያው ዕለት ሌላ ቦታ ወስዶ ከኪሱ አሠራው። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ካሜራ ተስተካከለ» ብቻ ነው። ከዚያ ለኢንሹራንሱ ደረሰኙን ላከ። «ሳናየው ተሠርቷል፤ ችግሩ ከእኛ ሥራ መምጣቱን ማረጋገጥ አንችልም» ተባለ። ገንዘቡ ቀረ።

አልፈርድበትም። የቆመ ታክሲ ምን ማለት እንደሆነ መጽሐፉን የምይዝለት እኔ አውቃለሁ። መኪናው ቢቆምም የዲስፓች ክፍያው አይቆምም፤ ኢንሹራንሱ አይቆምም፤ የባንኩ ብድር አይቆምም። የግል መኪና ላለው ሰው ኪራይ መኪና ይሰጠዋል፤ ኪራይ መኪና ግን የታክሲ ፈቃድም የታክሲ ኢንሹራንስም ስለሌለው ተሳፋሪ አይጭንበትም። ስለዚህ ውልዎን ዛሬ፣ አደጋ ሳይደርስ፣ አውጥተው ይመልከቱ፤ ታክሲው ጋራዥ ሲተኛ የሚቀርብዎ ገቢ ይካካስ እንደሆነ ወኪልዎን በጽሑፍ ይጠይቁ። ብዙዎቻችን የገዛነውን የምናውቀው ስንገጭ ነው።

ያም ሆኖ ቢያንስ ሁለት ነገር ማድረግ ይችል ነበር። አንደኛ፣ ለሁለተኛው ጋራዥ የሚከፍለው መጀመሪያ ለምርመራ ብቻ መሆን ነበረበት፤ ምርመራውም ቀኑን፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን፣ የኮምፒዩተሩን የስሕተት ኮድና «ምክንያቱ ይህ ይመስላል» የሚለውን በጽሑፍ እንዲይዝ ማድረግ። ሁለተኛ፣ ለአጀስተሩም ለጋራዡም በአንድ ኢሜይል፣ ሁለቱም ስማቸው እየታየ፣ «ይህ ችግር ደርሷል፤ እስከዚህ ቀን ድረስ መጥታችሁ እዩ፤ መኪናው መንገድ ላይ ለመውጣት አደገኛ ነው» ብሎ መጻፍ። ሁለቱ አንድ ደብዳቤ ላይ ሲገናኙ ኳስ መለጋት ያስቸግራል። የእኔ ጉዳይ የተንቀሳቀሰው ያንን ኢሜይል ከላክሁ በኋላ ነው። ከላይ የጻፍኩት የድሮውን የክሌም ቁጥር ነው፤ ይህ ትንሽ ነገር አይምሰልዎ። አዲስ ክሌም አልከፈትኩም፤ የድሮው ሥራ አላለቀም ነው ያልኩት።

ወደ ፍርሃቱ ልመለስ። «ብከራከር ዓረቦኔን ይጨምሩብኛል» የሚል ሰው ብዙ ነው። የተበላሸ ጥገና ይስተካከልልኝ ማለት አዲስ አደጋ ማስመዝገብ አይደለም። አዲስ ቁጥር ሊሰጡዎ ከፈለጉ ግን «ለምን?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ከፍርሃቱ የባሰው ደግሞ ይሉኝታችን ነው። ሰውየው በትሕትና «ምንም የለውም» ካለን፣ እንግሊዝኛችን ከተያዘ፣ ከኋላችን ሰው ከተሰለፈ፣ «ይሁን» ብለን እንወጣለን። «ዝም አይነቅዝም» እያልን አድገናል። ዝም ያለ ፍሬን ግን ይነቅዛል፤ ዝም ያለ ምንጣፍም ይሻግታል።

ታማኝነት ደግሞ ከእኛም ይጠበቃል። ስንት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ ታክሲ፣ አሞርቲዘሩ ያለቀ፣ ጎማው የተበላ፣ ከጋራዥ እንደወጣ ሲንኳኳ ሁሉን በቦዲ ሾፑ ማላከክ ደግ አይደለም። አጀስተሮቹም ይህን ስለለመዱ ነው ሁላችንንም በአንድ ዓይን የሚያዩን። የበፊቱን ሁኔታ የሚያሳይ ወረቀት ካለዎ ይህ ክርክር ያጥራል። እኔን የረዳኝ ከአደጋው ሁለት ወር በፊት ዘይት ሳስለውጥ የተሰጠኝ የፍተሻ ወረቀት ነው። ታክሲዎች ደግሞ ለፈቃዳቸው የሚያደርጉት የሜካኒካል ምርመራ አላቸው። ወረቀቱን ጓንት ሳጥን ውስጥ ከፓርኪንግ ቲኬት ጋር አያጭቁት፤ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡት።

«ዋስትና አለው» ስለሚባለው ነገር ደግሞ ልናገር። ኢንሹራንሱ በመረጠው ጋራዥ ሲሠራ ብዙ ድርጅቶች መኪናው በእጅዎ እስካለ ድረስ ለሥራው ዋስትና እንሰጣለን ይላሉ። በስልክ ብቻ የተባለ ከሆነ ላም አለኝ በሰማይ ነው። በጽሑፍ ይጠይቁት። በዚህ ላይ አቋሜን ልናገር፦ ጋራዡን የመረጠ ድርጅት፣ ዋጋውን የተደራደረ ድርጅት፣ የትኛው ዕቃ እንደሚገጠም የወሰነ ድርጅት፣ ሥራው ሲበላሽ «ከጋራዡ ጋር ተነጋገር» ማለት አይገባውም። እርስዎ ራስዎ የመረጡት ጋራዥ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ዋስትናው የጋራዡ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በአልበርታ የመኪና ጥገና ድርጅቶችን የሚቆጣጠረውና ፈቃድ የሚሰጠው የሞተር ተሽከርካሪ ኢንዱስትሪ ምክር ቤት፣ በአጭሩ አምቪክ ነው። ደንቡ ለጥገና ቢያንስ የ90 ቀን ወይም የ5,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይጠይቃል፤ ቀድሞ የሞላው ይቆጠራል። እንግዲህ እናስላው። በቀን 250 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ታክሲ 5,000ውን በ20 ቀን ይጨርሳል! በዚያ ላይ የሸማቾች ጥበቃ ሕጉ በዋነኛነት የሚናገረው ለግል፣ ለቤተሰብና ለቤት አገልግሎት ስለሚውል ንብረት ነው። ስለዚህ የታክሲ ወይም የሱቅ ቫን ባለቤት በዚህ ሕግ ብቻ አይደገፉ፤ መኪናውን ከማስረከብዎ በፊት የራስዎን ዋስትና ጽፈው ያስፈርሙ። ይህን የሚነግርዎ ሰው ብዙ አያገኙም።

አጀስተሩ እምቢ ካለስ? አለቃው አለ። ከዚያ እያንዳንዱ ኢንሹራንስ ቅሬታ የሚቀበል ሹም አለው። የመጨረሻ አቋማቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠይቋቸው፤ ያንን ይዘው ጄኔራል ኢንሹራንስ ኦምቡድሰርቪስ ወደሚባለው ገለልተኛ አካል መሄድ ይችላሉ፤ ገንዘብ አያስከፍልም። የአልበርታ የኢንሹራንስ ሕግም የተሠራው ጥገና በቂ ነው አይደለም የሚለውን ጥያቄ ለይቶ የሚዳኝ አሠራር አለው፤ ሁለቱ ወገኖች አንድ አንድ ሰው ይወክላሉ፣ ካልተስማሙ አንድ ዳኛ ይጨመራል። ግን የራስዎን ተወካይ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት፤ የዳኛውንም እኩሌታ። ለ400 ዶላር ጥያቄ ይህን መንገድ አልመክርም። ለተጣመመ ቻሲ ግን ያዋጣል። ፍርድ ቤትም አለ፤ የአልበርታ የፍትሕ ፍርድ ቤት ከኦገስት 2023 ጀምሮ እስከ 100,000 ዶላር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክስ ይቀበላል። ክስ የሚቀርብበት ጊዜ በአብዛኛው ጉዳቱን ካወቁ 2 ዓመት ነው፤ «ነገ ነገ» ሲሉ ያልፋል።

ይህ ሁሉ ለአንድ ፓራውልት ነው የሚል ካለ፣ ቴክሳስ ውስጥ የሆነውን ልንገረው። ባልና ሚስት ያገለገለ 2010 ሞዴል ሆንዳ ፊት ገዙ። ከእነሱ በፊት ጣሪያው በበረዶ ተደብድቦ ተለውጦ ነበር። የሠራው ዳላስ ያለው ጆን ኢግል የተባለ ቦዲ ሾፕ ነው። ፋብሪካው ጣሪያው እንዲበየድ ያዛል፤ ጋራዡ ግን በማጣበቂያ ለጠፈው። በዲሴምበር 2013 ሌላ መኪና ሲገጫቸው መኪናው ተጨራመተ፣ ተቃጠለም፤ ባልየው ውስጡ ተይዞ ክፉኛ ተቃጠለ። በ2017 የዳላስ ዳኞች ከወሰኑት ወደ 42 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ውስጥ 31.5 ሚሊዮኑ በጋራዡ ላይ ወደቀ። ባለቤቶቹ ጣሪያው መለወጡን እንኳ አያውቁም ነበር። ከጨረታ መኪና ገዝተው ታክሲ የሚያደርጉ ወገኖች ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ፤ የመኪናው ታሪክ «የበረዶ ጉዳት» ካለ፣ ማን እንደሠራውና ምን እንደለወጠ ኢንቮይሱን ይጠይቁ።

የሂሳቡን ነገር በአጭሩ። ታክሲ የሚነዱ ሁሉ፣ ገቢያቸው ከ30,000 ዶላር ቢያንስም፣ ለጂኤስቲ መመዝገብ አለባቸው። የተመዘገበ ነጋዴ ሲሆኑ ኢንሹራንሱ የጥገናውን ዋጋ ከፍሎ 5 በመቶውን ጂኤስቲ ለእርስዎ ሊተውልዎ ይችላል፤ ተበደልኩ አይበሉ፣ በጂኤስቲ ሪፖርትዎ ላይ መልሰው ይጠይቁታል። ከኪስዎ የከፈሉት ዲዳክቲብል የሥራ ወጪ ነው። ኢንሹራንስ የከፈለልዎን ግን ወጪ አድርገው መጻፍ አይችሉም፤ ይህን ያደረጉ ሰዎች መጽሐፍ በእጄ ገብቷል፣ ላስተካክል ስል ጠጉሬ ሸብቷል። ስለ ቀረብዎ ገቢ ካሳ ከተከፈልዎ ደግሞ ገቢ ነው፤ ግብር አለው። ወረቀቱን 6 ዓመት ያቆዩ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ።

የእኔን መጨረሻ ሳልነግርዎ አልለይዎትም። ከዚያ ኢሜይል በኋላ ኢንሹራንሱ ገለልተኛ ገምጋሚ ላከ። ሰውየው የራዳሩ መያዣ ብረት ተጣምሞ መገጠሙን፣ የአየር መውጫዋም ላስቲክ መቀደዱን አየና ጻፈ። መኪናው ለሁለተኛ ጊዜ ገባ፤ ስድስት ቀን ቆየ፤ ኪራይ መኪና ሰጡኝ፤ ሁለተኛ ዲዳክቲብል አልጠየቁኝም። ምንጣፉን ግን ላለመለወጥ ተከራከሩ፤ እኔም የሻገተውን በፎቶ ላክሁላቸው፤ ለወጡት። ለሁለተኛው ጋራዥ የምርመራ ብዬ የከፈልኩትን 180 ዶላር «አላዘዝንህም» ብለው አልመለሱልኝም። ደረሰኙን ከገምጋሚው ሪፖርት ጋር አያይዤ ለቅሬታ ሹሙ የጻፍኩት ባለፈው ማክሰኞ ነው። መልስ እስካሁን አልመጣም።